የቴፑ ቺንጋና የዘሃራ ድምፅ

ላስቲክ ሲያረጅ የሚደርቅ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የቴፕ ላስቲክ ግን አይደርቅም፣ ይቀልጣል። የሞተሩን ዙር ተቀብላ የካሴቱን ክር የምታስኬደው ቀጭን የላስቲክ ቀበቶ፣ እኛ ቺንጋ የምንላት፣ ተዘግታ ሠላሳ አርባ ዓመት ከከረመች ሬንጅ ትሆንና መዘውሩ ላይ ተጣብቃ ትቀራለች። ጣት ከነካች በሳሙና አትለቅም፤ ነጭ ጋዝ ትፈልጋለች። ሽታዋ ደግሞ ሌላ ነው። የተቃጠለ ጎማ አይሉት፣ የሞተር ዘይት አይሉት፤ አንዴ የለመደው አፍንጫ መቼም አይረሳውም። ባለፈው እሑድ ከሰዓት፣ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሠፈር ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ልጄ ሰዓዳ ከኮምቦልቻ ያመጣችውን አሮጌ ቴፕ የጀርባ ክዳን ስከፍት ያ ሽታ ወጣና፣ ካቻቢቴውን እንደያዝኩ ፈዝዤ ቀረሁ። «አባ፣ ምነው?» አለችኝ። «ምንም፤ ቺንጋዋ ቀልጣ ነው» አልኳት።

ደሴ ፒያሳን በደህናው ጊዜ የሚያውቅ ሰው «እንድሪስ ቴፕ»ን ያውቃል። ያ እኔ ነኝ። ሱቄ የነበረበት ቦታ ዛሬ የሞባይል ሽፋን ይሸጡበታል። ልጆቹ ሳልፍ ሲያዩኝ «ጋሼ፣ ግቡ እንጂ» ይሉኛል፤ ጨዋ ልጆች ናቸው፣ ግን ገብቼ ምን አደርጋለሁ፣ አንድም የሚፈታ ነገር የላቸውም። ተበላሸ ሲባሉ መልሳቸው «ይቀየር» ነው። በእኛ ጊዜ የሚቀየር ነገር ስላልነበረ ሁሉም ይፈታ ነበር። እንደ አሮጌ ሰው አጉረመረመ በሉኝ፣ አሮጌ ሰው ነኝ፣ ማጉረምረም ይገባኛል።

ወደ ሰዓዳ ልመለስ። ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ላይ ነው የምትሠራው፤ አርባን አልፋለች፣ የልጆች እናት ናት። እናቷ ዘሃራ፣ አላህ ይማራት፣ ስትሞት ይህቺ ልጅ ገና ዳዴ እንኳ አላለችም ነበር። ከእናቷ የቀራት አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ትንሽ ሆና «ድምጿ እንዴት ነበር?» እያለች ስታደርቀኝ፣ «አንድ ካሴት ነበረ፣ ክሩን ቴፕ በላው» ብዬ ዘጋሁት። ውሸቴን ነው። ካሴቱ አልተበላም፤ በካርቶን ከአሮጌ ካሴቶች ጋር አልጋ ሥር ነበር። ጦርነቱ ደሴ የገባ ሰሞን ሁላችንም ከከተማ ወጥተን ስንመለስ ቤቴ ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ፤ ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ መፍቻዬ ሁሉ ሄዷል። ያን ካርቶን ግን ዘራፊዎቹ እግረ መንገዳቸውን በትነውት እንኳ አልወሰዱትም፣ ማን ይፈልገዋል። ቤቱን ስታጸዳልኝ የነበረችው ሰዓዳ ካሴቶቹን ስትለቅም አንዱ ላይ በእኔ እጅ ጽሑፍ «ሙከራ፣ ዘሃራ» የሚል አየች። አልተቆጣችም። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ ስለ ካሴቱም ለብዙ ጊዜ ምንም አላነሳችም። ባለፈው እሑድ ግን ካሴቱን ከአንድ አሮጌ ቴፕ ጋር ይዛ መጣች። ቴፑን ከሥራ ባልደረባዋ አባት፣ ኩታበር ካሉ አንድ ቄስ ነው የተዋሰችው፤ እስከነ ዳንቴል ልብሱ ነበር።

«እናቴ ስትሞት ስንት ዓመቷ ነበር?» አለችኝ ቁጭ ሳትል።

«ሃያ አምስት ቢሆናት ነው።»

«እኔ አርባ ሁለት ሆነኝ አባ። እናቴን በዕድሜ ጥያት ሄጃለሁ፤ ድምጿን አላውቀውም። አንተ ደግሞ ጆሮህ እየሄደ ነው። ድምጿን የሚያውቅ ሰው አንተ ብቻ ቀርተሃል። ዛሬ ካላሰማኸኝ መቼ ነው የምታሰማኝ?»

ጆሮዬ እየሄደ መሆኑ እውነት ነው። ሰው ሲያወራኝ ድምፁን እሰማለሁ፣ ቃሉ ግን እንደ ደረቅ አሸዋ ይፈስብኛል። ስለዚህ ካቻቢቴ ጠየቅኳት።

ክዳኑን ከመክፈቴ በፊት መጀመሪያ የገለጥኩት ዳንቴሉን ነው። በዚያን ጊዜ ኮምቦልቻ ቴፕ ራቁቱን አይቀመጥም ነበር። የፋብሪካ ልጅ የመጀመሪያ ደሞዙን አጠራቅሞ ቴፕ ይገዛል፣ ሁለተኛ ሥራው ለቴፑ ልብስ ማሠራት ነው። ነጭ ዳንቴል፣ ዳር ዳሩ ቀይ ወይ አረንጓዴ፣ ለስፒከሩ ሁለት ክብ ቀዳዳ፣ ለመያዣው መሹለኪያ። ያን የምትሠራው ዘሃራ ነበረች። እኔ ያኔ አንዱ ፋብሪካ ውስጥ ጥገና ክፍል ነበርኩ፤ ሰማያዊ ቱታ ለብሼ ቀን ማሽን እፈታለሁ፣ ከፈረቃ ስወጣ የተከራየኋት አንዲት ክፍል መስኮት ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ የሠራተኛውን ቴፕ እፈታለሁ። ሰዉ እኔ ዘንድ ያሠራና ለማልበስ ወደ እሷ ይወስዳል። «እንድሪስ ያድነዋል፣ ዘሃራ ትድረዋለች» ይሉን ነበር። እስኪ ምን ይባላል፣ በዚሁ ቀልድ ተዋወቅን፣ በዚሁ ቀልድ ሽማግሌ ላክሁ።

ኮምቦልቻ ያኔ እንዲህ አልተዘረጋችም። የፋብሪካው ጡሩንባ ሲነፋ ከተማው ሁለት ሆኖ ይተላለፋል፤ ገቢው እያዛጋ፣ ወጪው ጥጥ ፀጉሩ ላይ እንደያዘ። እሑድ ከሰዓት ግን ያ ጥጥ ያዥ ሁሉ ሌላ ሰው ይሆናል። ሱሪው ከታች እንደ ጥሩንባ የሰፋ ቤልቦተም፣ ሸሚዙ ኮሌታው ትከሻ የሚደርስ፣ ፀጉሩ ተበጥሮ የቆመ፣ ትከሻው ላይ ቴፕ። ሁለት ሆነው ሲሄዱ የቴፑን መያዣ በግራና ቀኝ ይዘው እንደ ውሃ እንስራ ያዞሩታል። የባትሪ ድንጋይ ውድ ስለነበረ የደከመውን ድንጋይ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ያሰጡታል፤ ከሰዓት ላይ ጣሪያ ሁሉ እንደ በርበሬ ድንጋይ የተሰጣበት ነበር። ባዶ ካሴት በሦስት ብር፣ ደሴ ፒያሳ ወጥቶ ዘፈን ማስቀዳት ሌላ ብር፣ ሻይ በስሙኒ። በአውቶቡስ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ጉሙ መስኮቱን ይሸፍነዋል፣ ከኮምቦልቻ በሸሚዝ የተነሳ ሁሉ ደሴ ሲደርስ እጁን ብብቱ ውስጥ ይከታል። ፒያሳ ያሉት ሙዚቃ ቤቶች ስፒከራቸውን ወደ መንገድ አዙረው ይፎካከራሉ። በአንዱ በኩል የፍቅር ዘፈን፣ ትንሽ ራቅ ብሎ መንዙማ፤ መሐል ላይ ቆሞ ሁለቱን ባንድ ላይ የሚሰማ እንደ እኔ ያለ ሥራ ፈት አይጠፋም ነበር። ዘፈኑን ግን አልሰማም። የማን ቴፕ እንደሚዋዥቅ ነበር የምሰማው።

መዋዠቅ ማለት ይኼ ነው። ቴፕ አዲስ ሲሆን ቺንጋው ከፋብሪካ የተሠራ ነው፤ ሲላላ ግን የሚተካው አልነበረም፣ አዲስ አበባም ተልኮ አይገኝም። ስለዚህ ከብስክሌት ጎማ ውስጥ አየር ከሚሞላው ላስቲክ፣ ከመነዳሪ ከምንለው፣ ነበር የምንቆርጠው። ከመነዳሪውን ጠርሙስ አንገት ላይ ታጠልቃለህ፣ በምላጭ ዙሪያውን ትዞረዋለህ፣ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነ ቀለበት ይወጣል። ከወፈረ ሞተሩ ያቃስታል። ከላላ ቴፑ ይዘገያል። ጠማማ ሆኖ ከተቆረጠ ደግሞ ድምፁ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ያ ነው መዋዠቅ። አንድ ጊዜ ከኩታበር የሚመጡ መምሬ ዘውዴ የሚባሉ ደንበኛዬ ቴፓቸውን ወስደው በሳምንቱ ተመለሱ። ተቀምጠው፣ አረፍ ብለው፣ መቋሚያቸውን ግድግዳ አስደግፈው፣ «ልጄ እንድሪስ» አሉኝ፣ «የእኛ ዜማ እንዲህ ሲንገዳገድ ሰምቼ አላውቅም። አንተ ቤት ሲያድር ጠላ አጠጣኸው?» ዘሃራ ጥግ ላይ ዳንቴሏን ይዛ በሳቅ ሞተች። እኔ ግን አፈርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰው ድምፅ ሳልፈትን ቴፕ ከቤቴ አላስወጣሁም። ማይክራፎን ሰክቼ የሰው ድምፅ እቀዳለሁ፣ መልሼ እሰማለሁ፣ ካልተዋዠቀ ቺንጋው ደህና ነው። ከሥራ ወዳጆቼ አንዱ ቢገኝ እሱን፣ ጎረቤት ቢያልፍ ጎረቤቱን አስጮህ ነበር።

ያቺ ካሴት እንዲህ ነው የተቀዳችው። ሰዓዳ ተወልዳ ጥቂት ወራት ሆኗታል። አንድ ወደ ሌላ አገር የተዛወረ አስተማሪ ቴፑን ለማግስቱ እንድጨርስለት አዞኛል። ቺንጋ ቆረጥኩ፣ ገጠምኩ፣ የሚናገር ሰው አጣሁ። ዘሃራ ልጇን አዝላ ልብስ አጥባ ገባች። «ነይ እስኪ ተናገሪበት» አልኳት። «ምን ልበል?» «ያሻሽን።» እጇን በቀሚሷ አብሳ ማይክራፎኑን ያዘች። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁልጊዜ የማስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳቀች። ምን እንዳለች ግን በሕይወቴ አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። እዚያው መልሼ ስሰማው አልዋዠቀም፣ ደስ አለኝ። በማግስቱ ጠዋት ካሴቷን ሌላ ቴፕ ውስጥ ስከታት ግን እንደ ጫጩት ጮኸች። ለካ የቆረጥኩት ቺንጋ ላልቶ ያ ቴፕ በዝግታ ሲሄድ ኖሯል። ዘግይቶ የቀዳውን ዘግይቶ ሲያሰማ እንዴት ይታወቃል፤ ደህና የሚሄድ ቴፕ ውስጥ ሲገባ ነው ጉዱ የሚወጣው። ያንን ቺንጋ በጥሼ ጣልኩ፣ ጥብቅ ያለ ሠራሁ፣ አስተማሪውም ቴፑን ተረክቦ አገር ለቆ ሄደ። ካሴቷ ላይ «ሙከራ፣ ዘሃራ» ብዬ ጽፌ ካርቶን ውስጥ ወረወርኳት።

ሁለት ወር አልሞላም፣ ዘሃራ ሞተች። አንድ ጠዋት ከቧንቧ ውሃ ይዛ ስትመጣ በር ላይ ተቀመጠች፣ መነሳት አቃታት። ሐረጎን በሰው መኪና ይዣት ወጣሁ፤ ደሴ ሐኪም ቤት የደረስነው ትንፋሿ እየተቆራረጠ ነው። ሐኪሙ ልቧ ነው አለኝ። ከወሊድ በኋላ የመጣ ነው፣ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ አለኝ። «አልነገረችኝም» አልኩት። ወላሂ፣ የወለደች ሁሉ ትደክማለች ብዬ ነበር። እግሯ ማበጡን አይቻለሁ፣ የሙቀቱ ነው ብያለሁ። ትራስ ደርባ ደገፍ ብላ መተኛት ጀምራ ነበር፣ ለሕፃኗ ይመቻት ብላ ነው ብያለሁ። ለለቅሶ የመጣው ሁሉ «ምን ሆና ነው?» ሲለኝ፣ «ዝምተኛ አይደለች፣ ሕመሟን ደብቃኝ» አልኩ። ለእናቴም፣ ለወንድሞቿም ያልኩት ይኼንኑ ነው። ሰዓዳ አድጋ ስትጠይቀኝ «እናትሽ እኔን ላለማስጨነቅ ብላ አንድ ቀን ሳትነግረኝ ሞተች» አልኳት። ሰው በአንድ ነገር ተደግፎ ይቆማል፤ እኔ አርባ ዓመት የቆምኩት ይህቺን ተደግፌ ነው።

ሶደቃዋ ከወጣ በኋላ አንድ ከሰዓት ካሴቷን ከካርቶኑ አውጥቼ ከተትኩ። ያው የጫጩት ድምፅ ነው፤ ቃሉ አይያዝ፣ ሴትዮዋ አትታወቅ። ጣቴን እንዳቃጠለኝ ሁሉ ዘጋሁት። የሞተሩን ፍጥነት ቀንሼ መስማት እችል ነበር፤ ከሞተሩ ጀርባ በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ አንዲት ብሎን አለች፣ እሷን ማዞር ነው። ሥራዬ አይደል። ግን አልቻልኩም። ነገ እላለሁ፣ በዓል ሲያልፍ እላለሁ። በኋላ እናቴ ልጄን ታሳድግልኝ ብዬ ወደ ደሴ ወጣሁ፣ ሱቅ ከፈትኩ፣ የስንቱን ሰው ድምፅ ስጠግን ኖርኩ፣ ያቺን ካሴት ግን አልጋ ሥር ጥዬ በላይዋ ተኛሁ። ሌላ ሚስትም አላገባሁ። ለልጄ የዋሸሁትም ለዚህ ነው። ጫጩት ላሰማት አልፈለግኩም፤ እናቷን ላሰማት ደግሞ አቅም አጣሁ።

እንግዲህ እሑድ ለት ተያዝኩ። የቀለጠችውን ቺንጋ በጥጥና በጋዝ ጠርጌ አወጣሁ፣ እጄ ጠቆረ። መዘውሩን አጸዳሁ፣ ክሩን የሚጎትተውን ጎማ በአልኮል አበስኩ። ሰዓዳ «እኛ ሠፈር ያሉ ልጆች ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር ገልብጠው ፍጥነቱን ያስተካክሉታል አሉኝ» አለች። «ያስተካክላሉ» አልኳት፣ «የት ላይ ያቆሙታል? እናትሽን መቼ ያውቋታል?» ከመነዳሪ ፍለጋ ፒያሳ ወረድኩ፤ ብስክሌት ጠፍቷል፣ ባጃጅ ግን ሞልቷል። ጎማ የሚለጥፈው ጎረምሳ የተቀደደ የባጃጅ ከመነዳሪ ሰጠኝና «ለምን ፈለጉት ጋሼ፣ ለወንጭፍ?» አለኝ። «ለቴፕ ነው» ስለው የቀለድኩ መስሎት ሳቀ።

ቺንጋ ልቆርጥ ተቀመጥኩ። አንዱን አበላሸሁ፣ ሁለተኛውን አበላሸሁ። ሰዓዳ ምላጩን ከእጄ ወሰደችና «አንተ ንገረኝ፣ እኔ ልቁረጥ» አለች። ዕድሜዋን ሙሉ ጨርቅ የቆረጠች እጅ ናት፤ ጠርሙሱን እንዳዞረችው አንድ ወጥ ሆኖ ወጣ። ማሻአላህ አልኳት። ገጠምነው። ካሴቷን ከተትን። ያው ጫጩት። ሰዓዳ ፊቷ ተለወጠ፤ «ይቺ ናት እንዴ?» አለች በቀስታ። «አብሽሪ፣ ገና ነው» አልኳትና ብሎኗን ማዞር ጀመርኩ። ጫጩቱ ሕፃን ሆነ፣ ሕፃኑ ልጃገረድ ሆነ። ትንሽ ስመልሰው ደግሞ ሌላ ሴት። እዚህ ላይ ነው የተዋረድኩት። የቱ ላይ እንደማቆም አላወቅሁም። አንዱ ላይ «ይቺ ናት» እላለሁ፣ ዝቅ ሳደርገው ያቺም ትመስለኛለች። አርባ ዓመት ሙሉ ድምጿን በልቤ ይዤዋለሁ ስል የነበርኩ ሰውዬ፣ ሦስት ሴት ቀርቦልኝ ሚስቴን መለየት አቃተኝ። ካቻቢቴውን አስቀመጥኩና «ጠፍታኛለች ልጄ፣ ድምጿ የለኝም» አልኳት። አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

ሰዓዳ ግን ወደ ኋላ አጠነጠነችው፣ እስከ መጀመሪያው። ከዘሃራ በፊት አንድ ወንድ አጠር አድርጎ ይናገራል። «ይኼ አንተ አይደለህም?» አለችኝ። እኔ ነኝ፤ ማይክራፎኑን ስፈትን «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እላለሁ። «እናቴን አላውቃትም» አለች፣ «አንተን ግን አውቅሃለሁ። በዚያ ዕድሜህ ስትጣራኝ፣ ስትቆጣኝ፣ ቁርኣን ስታስቀራኝ ነው ያደግኩት። አንተ አዙረው፣ እኔ እነግርሃለሁ።» አዞርኩት። «አይደለም።» አዞርኩት። «ቀርተሃል፣ ትንሽ።» ለጭራ ፀጉር ያህል ነካሁት። «አቁም» አለችኝ፣ «ይኼ አባቴ ነው።» እጄን አነሳሁ። ቴፑ ቀጠለ፣ ሴትዮዋ ተናገረች፤ ዝግ ያለች፣ ጎላ ማለት የማትወድ፣ ከደረቷ የምታወጣው ድምፅ። አንዴ ስሰማው ሰውነቴ አወቃት። እኔ ያልያዝኩላትን ልጇ አገኘችላት። «እሷ ናት» አልኩ፣ «ወላሂ ራሷ ናት፣ ዘሃራ ናት።» ሰዓዳ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ፈገግ ስትል አየኋት። ለትንሽ ጊዜ እኔና እሷ በዓለም ላይ ምንም አልጎደለንም።

ከዚያ ፈገግታዋ ጠፋ። ጆሮዋን ወደ ስፒከሩ አስጠጋች። እኔ የማገኘው ድምጿን ብቻ ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ አይዋዥቅም። ቃሉን ጆሮዬ አልያዘልኝም።

«ምን ትላለች?» አልኳት።

ቴፑን አቆመችው። አየችኝ።

«አልሰማህም?»

«ድምጿን ሰማሁ። ቃሉን ንገሪኝ።»

«ይቅርብህ አባ።»

«ንገሪኝ አልኩሽ።»

መልሳ አጠነጠነችው። ድምጿ ሳይሰበር፣ ዝግ ብላ፣ እናቷ ስትናገር እየተከተለች ነገረችኝ። «እንድሪስ ትልሃለች። ደረቴን ይዞኛል፣ በጀርባዬ ስተኛ ያፍነኛል፣ ቁጭ ብዬ ነው የማነጋው ትላለች። ስነግርህ ሥራ ላይ ነህ ትላለች። ሐኪም ቤት ውሰደኝ ትላለች።»

ከበረንዳው በታች ባጃጅ አለፈ። እስኪያልፍ ጠበቀችኝ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ተቆርጦ እንደገና ይጀምራል፤ አንተ ነህ። ጥሩ ነው፣ አልተዋዠቀም፣ ድገሚልኝ ትላለህ።»

«እሷስ?»

«ደገመችልህ። ያንኑ ነው፣ ሐኪም ቤት ውሰደኝ ነው። አንተ ደግሞ ጎላ አድርጊው፣ አንዴ ብቻ ትላለህ።»

ሰዓዳ ካሴቷ እስክትጨርስ አዳመጠች። እንባዋ ይወርዳል፣ አልጠረገችውም።

«ሦስተኛው ላይ ትስቃለች» አለችኝ። «ከሳቀች በኋላ አልነገረችህም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች አስር ድረስ ቆጠረችልህ።»